ማኅተሙ ያለበት ቆርቆሮ

ፖሶ ቪዬሆ ላይ፣ በፔሩ በረሃ፣
ከሰማይ አይወርድም፣ ጠብታ እንኳን ውሃ።
ያለን ከመሬት ስር፣ ያደረ ነው የጥንት፣
የአያት ቅርስ እንጂ፣ አይደለም የዕለት።

ኤውዶሲያ ታይፔ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የጉድጓድ አንባቢ፣
ድንጋይ ታስርና፣ በገመዱ ጫፍ፣
ታዳምጠዋለች፣ ውሃ ላይ እስኪያርፍ።
ዐሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ፣ ነበረ ስትጀምር፣
ዛሬ ሠላሳ አንድ፤ እኔ ነኝ የምቆጥር።
ጸሐፊ ነኝና፣ በቃለ ጉባኤ
«ዝቅ ብሏል» እንጂ፣ አይሰፍርም ዋይታዬ።

ከሽቦው ወዲያ ማዶ፣ ዓይን እስኪሰለች፣
አስፓራገስ ለብሳ፣ ምድር ለምልማለች፤
ሌሊት ተቆርጣ፣ ጧት በረዶ ገብታ፣
በማግስቱ ለንደን፣ መደርደሪያ ሞልታ።
እዚያ ያለው በላተኛ፣ ሹካውን ሲያነሣ፣
ምን በወጣው ያስብ፣ የሩቅ ጉድጓድ አበሳ!
አልፈርድበትም፤ ሸሚዝ በርካሽ ገዛሁ፣
ሰፊዋ ምን በላች፣ ብዬ መች ጠየቅሁ?

የእርሻው ባለቤት፣ ማን ነው? ብለን ብንጽፍ፣
ደብዳቤው ከሊማ፣ ወደ ሌላ አገር ሲያልፍ፣
ከዚያም ወደ ሦስተኛ፣ ከደጅ ደጅ ሲንሳፈፍ፣
ዓመት ዞሮ መጣ፣ ቴምብር ብቻ ሲያተርፍ።
ፊት የሌለው ጌታ፣ አይለመን፣ አይረገም፤
ቢያለቅሱበት አይሰማ፣ ቢስቁለት አይስቅም።

በመጋቢት አንድ ቀን፣ በአቧራ ተሸፍኖ፣
ኢንጂነር ሬናቶ፣ መጣልን ጨዋ ሆኖ፤
«የውጭ ገዢዎቹ፣ ደንብ አወጡ በድንገት፤
የመንደር ማኅተም፣ ካላረፈበት፣
ሳጥኑን አይነኩም፣ ወደብ ላይ ቢሻግት።
ትንሽ ነገር ናት» አለ፣ ብዕር አቀብሎ፤
ለትምህርት ቤታችን፣ ቀለም ቃል ገባ፣ አክሎ።

ማኅተሙ ያለበት፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ከኤውዶሲያ አልጋ ስር፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣
ሥራው የቀብር ገንዘብ፣ የቧንቧ መዋጮና፣
የአህያ ጠብ ነበር፤ ክብሩም ያው ነውና።
ያን ቀን ግን አየናት፤ ያቺ የደረቀች ጎማ
መርከብ ታቆማለች!
ማን ነግሮን፣ ማን ሰማ?

ኤውዶሲያ ብዕሩን፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣
«ይህ እጅ የእኔ ብቻ፣ አይደለም» አለች ረግታ፤
«አርባ ሦስት ቤት አለው፤ ቅዳሜ ይሰብሰብ፤
አንተም ና፣ ገመዱን፣ በገዛ እጅህ ሳብ።»
መጣ። ሳበ። ቆጠረ። ከቋጠሮ ቋጠሮ ደረሰ፤
ሠላሳ አንድ ሲሞላ፣ መነጽሩን አበሰ።

ያን ጊዜ ዊልበር፣ የእህቷ ልጅ ተነሣ፣
ማሸጊያ ቤት ቢላ የበላውን ጣቱን እያነሣ፤
«አክስቴ፣ ፓምፑ ሲቆም፣ ይቆማል ደሞዜ፤
ለልጄ ወተቱን፣ ከየት ላምጣ ያን ጊዜ?»
መልስ አልነበረንም። በቃለ ጉባኤው
«ዝምታ፣ ረጅም» ብዬ ጻፍሁ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሃያ ስድስት ለዐሥራ ሰባት፤ ስምምነቱ ጸደቀ፤
ሰኞና ሐሙስ ሌሊት፣ የፓምፑ ጩኸት ራቀ፤
ማኅተሙም ተመታ፤ ቀለሙ ደረቀ፤
ከዊልበር ደሞዝም፣ ሁለት ሌሊት ተሰረቀ።
«ተሰረቀ» ያለው እሱ ነው። እኔ «ጎደለ» አልሁ።

ስድስት ወር ሆነው፤ ገመዱ ያው ሠላሳ አንድ ነው፤
አልወጣ፣ አልወረደ። ድል እንዳንል፣ ፈራነው፤
ሽንፈት እንዳንለው፣ ይኸው ቀድተን ጠጣነው።
ኤርሞሄኔስ፣ ገንዘብ ያዡ፣ ለቀለሙ ደብዳቤ ላከ፤
ትምህርት ቤቱ ግን እስከ ዛሬ በጭቃ እንደታከከ።
ኤውዶሲያም ምንም ሳትል፣ ከገበያ ስትመለስ፣
ትርፍ ገመድ ገዝታለች፤ ሃምሳ ቋጠሮ የሚያደርስ።

ትናንት ቅዳሜ ደግሞ፣ ዊልበር ልጁን አዝሎ፣
አክስቱን ሰላም ሳይል፣ ዓይኗን እንኳን ዘሎ፣
ገመዱን ተቀብሎ፣ ድንጋዩን ሰደደ፤
ቆጥሮ ሲጨርስ፣ ቁጥሩን ነግሮኝ ሄደ።
ጻፍሁት።
«የቆጠረው ሰው» በሚለው መስመር ላይ፣ ባዶ በነበረው፣
ስሙን ሙሉ ጻፍሁ፤
እሱን ሳልጠይቀው።